ጠላ ያልቀመሱት እማሆይ

የመጀመሪያው በሽተኛ በቃሬዛ ሲደርስ እሌኒ አወቀ የላብራቶሪውን በር ልትቆልፍ ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ ነበር። ጥር ወር ነው፤ እሑድ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት። ጤና ጣቢያው ስማዳ ውስጥ፣ ከወረዳው ከተማ ከወገዳ በእግር ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ቦታ ላይ ያለ ነው። የዚያን ዕለት ተረኛ የነበሩት የላብራቶሪ ባለሙያዋ እሌኒና የጤና መኮንኑ ሙሉነህ ብቻ ነበሩ።

ቃሬዛው ላይ ያለው ክንዱ የሚባል ገበሬ ነው። አራት ወንዶች ተሸክመውታል። ታናሽ ወንድሙ ዘመኑ ክላሹን እንዳነገተ የክንዱን እጆች በነጠላ ጠፍሮ ይዟል። ክንዱ ከአንድ ሰው ጋር ያወራል፤ ሰውዬው ግን የለም። እጁ ባመለጠ ቁጥር ከአየር ላይ የሆነ ነገር እየለቀመ ወደ አፉ ይሰዳል። ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቷል፣ ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ገላው ይፋጃል።

"ጠዋት ደኅና ነበር" አለ ዘመኑ። "ከታፈረ ቤት ክርስትና በልተን ጠጥተን ወጣን። መንገድ ላይ ቆሞ ከግንድ ጋር ሰላምታ ጀመረ።"

እሌኒ ደም ወሰደች። ወባም የግርሻ ትኩሳትም አላየችም። ዐይኗን ከማይክሮስኮፑ ስታነሣ ግቢው ውስጥ ሌሎች ሦስት ቃሬዛዎች ነበሩ፤ ሦስቱም ከዚያው ክርስትና ቤት የመጡ። እስከ ሰኞ ማለዳ ድረስ ዐሥራ ስድስት ሰው ሆኑ። አልጋው ስድስት ነው። የተቀሩት መሬት ላይ በቁርበትና በጋቢ ተኝተው አንዱ ከበሬው ጋር፣ ሌላው ከሞተ አባቱ ጋር ይነጋገራል። ሙሉነህና እሌኒ በእርጥብ ጨርቅ ገላቸውን ሲያበርዱ፣ ግሉኮስ ሲሰቅሉ፣ ሽንት የተዘጋባቸውን በቱቦ ሲያሸኑ አደሩ። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ክንዱ ሞተ።

እዚህ ላይ ስለ እሌኒ ትንሽ መናገር አለብኝ፤ በኋላ ያደረገችው ነገር ከአስተዳደጓ የመጣ ነውና።

የተወለደችው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ነው። አባቷ መሪጌታ አወቀ የባሕረ ሐሳብ መምህር ናቸው፤ በዓላትና አጽዋማት በየትኛው ቀን እንደሚውሉ የሚቆጠርበትን ትምህርት ያስተምራሉ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ለተማሪዎቻቸው "አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ምንጊዜም ሠላሳ ናቸው" ሲሉ ሰማች፤ አበቅቴና መጥቅዕ ለየዓመቱ የሚወጡ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። ምንጊዜም የሚለው ቃል አላሳመናትም። አባቷን ልታሳፍር ከሰል ይዛ የጓዳውን ግድግዳ በቁጥር ሞላችው፤ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱን ቀመር አንድ በአንድ አወጣች። ሁሉም ሠላሳ ሆነ። "ሃያኛው ግን ላይሆን ይችላል" አለቻቸው።

መሪጌታ ሳቁና አስቀመጧት። "ወንበሩን፣ የዓመቱን መነሻ ቁጥር፣ በዐሥራ አንድ ታባዢዋለሽ፤ አበቅቴ ነው። ያንኑ ወንበር በዐሥራ ዘጠኝ ታባዢዋለሽ፤ መጥቅዕ ነው። ዐሥራ አንድና ዐሥራ ዘጠኝ ስንት ናቸው?"

"ሠላሳ።"

"እንግዲህ በሠላሳ በሠላሳው ሲገደፍ ምን ሌላ ሊተርፍ ይችላል? አሁን ግድግዳዬን እጠቢ። ምክንያቱን ካወቅሽ በኋላ ሃያኛውን ዓመት ማየት አያስፈልግሽም።"

ያ ቀን ልቧ ውስጥ ቀረ። እርግጥ የሚባለው ነገር እንዲህ ያለ ነው ብላ ያዘች፤ አንዴ ከተዘጋ የማይከፈት በር። ኮሌጅ ገብታ ላብራቶሪ ስታጠና ግን እንዲህ ያለ በር አላገኘችም። ሥራ በጀመረች በመጀመሪያው ዓመት የአንዲት እርጉዝ ሴት ደም ሦስት ጊዜ አይታ "ወባ የለም" ብላ ጻፈች። በአራተኛው ስላይድ ላይ ወባው ተገኘ። ሴትዮዋ ተረፈች፤ እሌኒ ግን ከዚያ ወዲህ "የለም" የሚለውን ቃል በውጤት ወረቀት ላይ ጽፋ አታውቅም። "አልታየም" ትላለች። ባልደረቦቿ ይስቁባታል፤ እርሷ ግን አትተውም።

ወደዚያ ሰኞ ልመለስ። ክንዱ ከመሞቱ በፊት እሌኒ የዐይኑን ሽፋን ገልጣ ነበር። ብሌኑ ሰፍቶ የዐይኑን ቀለም ሁሉ ውጦታል። የሌሎቹንም አየች፤ እንደዚያው። ያን ጊዜ አባቷ የነገሯት ታወሳት። በተማሪነታቸው ዘመን አንድ ጓደኛቸው ትምህርት እንዲገባው ብሎ አብሾ ጠጣ፤ ከአስተናግር ፍሬ የሚዘጋጀውን መጠጥ። ሁለት ቀን ሙሉ ዐይኑ ፈጥጦ፣ አፉ ደርቆ፣ ከአየር ላይ ፊደል ሲለቅም ነበር አሉ።

"ሙሉነህ፣ ይሄ አስተናግር ይመስለኛል" አለችው። "አብሾ እንደ ጠጣ ሰው ነው የሆኑት።"

ሙሉነህ ብሌኖቹን በባትሪ አይቶ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። "ልክ ሳትሆኚ አትቀሪም።"

መስኮቱ ክፍት ነበር። ውጭ የቆሙት ዘመዶች የሰሙት "አብሾ" የሚለውን ብቻ ነው። ቃሉ ከሷ አፍ ወጥቶ እስከ እኩለ ቀን ድረስ ሌላ ነገር ሆኖ መንደሩን ዞረ። አብሾ በምን ይሰጣል? በጠላ። የክርስትናውን ጠላ ማን ጠመቀ? ፀሐይነሽ።

ፀሐይነሽ ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት የሆናት፣ ለድግስ ጠላ በመጥመቅ የምትተዳደር ሴት ናት። ዓምና ክንዱ ወሰኗን አልፎ አርሶባት ተካሰዋል። ከችሎት ሲወጡ ሰው ሁሉ እየሰማ "የእጅህን ይስጥህ!" ብላዋለች። አሁን ያ ቃል በየአፉ ተነሣ። ጠላው የእሷ፣ ጠቡ የእሷ፣ እርግማኑ የእሷ። ምን ቀረ?

ፀሐይነሽ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ስታይ ሮጣ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ግቢ ገባች። የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ መንግሥቴ "ከዚህ አጥር ውስጥ እስካለች ድረስ የሚነካት የለም" ብለው አወጁ። ዘመኑም አልተከራከረም። ወንድሙን ቀብሮ ከአጥሩ በር ትይዩ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ክላሹን ጭኑ ላይ አጋድሞ። "እስከ ሠልስቱ እጠብቃለሁ" አለ። "ሐዘኑን ካወጣሁ በኋላ ግን አጥርም አያድናት።" ሠልስቱ ረቡዕ ነው።

ለፖሊስ መንገር አልተቻለም፤ የወገዳው መንገድ ለእግረኛም ሳይቀር ከተዘጋ ሳምንት ሆኖታል፣ ኔትወርክም የለም። እሌኒ ከበሽተኞቹ የወሰደችውን ደምና ሽንት ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጣለች፤ የሚመረመረው ግን ባሕር ዳር ነው፤ ባሕር ዳር ደግሞ በዚያ ሳምንት ከጨረቃ የቀረበ አልነበረም።

ሰኞ ከቀብር መልስ ቄስ መንግሥቴ በመቋሚያቸው ተደግፈው ጤና ጣቢያው መጡ።

"ልጄ፣ እርግጡን ንገሪኝ። ይቺ ሴት መርዛለች ወይስ አልመረዘችም?"

"አላውቅም፣ አባቴ።"

"አላውቅም ብዬ ያንን ልጅ ከድንጋዩ አላስነሣውም።"

"እርግጡን ልሰጥዎ አልችልም። ማስረጃ ግን ልሰብስብ። እስከ ረቡዕ ድረስ ጊዜ ይስጡኝ።"

"እኔ እሰጥሻለሁ" አሉ ቄሱ። "ክላሹ መስጠቱን እንጃ።"

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ደብተር ይዛ ወጣች። ገጹን በማስመሪያ ከፍላ ጠላ፣ እንጀራ፣ ወጥ፣ ዳቦ፣ አረቄ ብላ ጻፈች፤ ከዚያ ቤት ለቤት ዞረች። ክርስትናው ላይ የነበረውን ሁሉ፣ የታመመውንም ደኅናውንም፣ ምን እንደ በላና ምን እንደ ጠጣ ጠየቀች። አንዳንዱ በደስታ መለሰላት። አንዳንዱ "የፀሐይነሽ ጠበቃ ሆንሽ እንዴ?" አላት። በዘመኑ ፊት ስታልፍ ቀና ብሎ አያት እንጂ አልተናገራትም።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጥግ ባለች ጎጆ ውስጥ ማንም ያልቆጠረው በሽተኛ አገኘች። እማሆይ ወለተ ጽዮን ይባላሉ፤ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ወገባቸው ታስሮ ከመደብ የማይወርዱ መነኩሴ። ጎረቤታቸው "ከእሑድ ጀምሮ ከሞተች እህታቸው ጋር ነው የሚያወሩት፤ እርጅናው ባሰባቸው" አለቻት። እሌኒ ባትሪዋን አብርታ ዐይናቸውን ገለጠች። ብሌናቸው ሰፍቷል።

"ጠላ ጠጥተዋል?"

"እማሆይ? ከመነኮሱ ጀምሮ አይቀምሱም። ድግሱስ ቤት መቼ ሄደው?"

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጤና ጣቢያ ተመልሳ ደመረች። እማሆይን ጨምሮ ስለ አርባ ስድስት ሰው ጠይቃለች። ጠላ የጠጡት ሃያ አምስት፤ ከነሱ የታመሙት ዐሥራ ስድስት። ጠላ ያልጠጡት ሃያ አንድ፤ ከነሱ የታመሙት አንድ፤ እማሆይ ብቻ።

ሙሉነህ ደብተሩን አይቶ ፉጨት አሰማ። "ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ? ጠላው ነው።"

እሌኒ ድምሩን እንደገና ቆጠረች። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ራሷ ነች የሰበሰበችው። ይህን ወረቀት ነገ ለቄሱ ብታነብላቸው ከምሳ በፊት ፀሐይነሽ ሬሳ ትሆናለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛ ደብተሯን ፈራችው።

"እማሆይስ?"

"አርጅተዋል። ከአርባ ስድስት ሰው አንድ ሰው ነው፤ አውጪያቸው።"

"ብሌናቸውን አይቻለሁ፣ ሙሉነህ። እርጅና ብሌን አያሰፋም። ካልጠጡት ጠላ እንዴት ይታመማሉ?"

"አንድ ሰው ይህን ሁሉ ያፈርሳል?"

"ሃያ አምስቱም ታመው ቢሆን እንኳ ጠላው ነው ብዬ መማል አልችልም ነበር። ጠላው ብቻ አይደለም ለማለት ግን አንድ ሰው ይበቃኛል።"

ሙሉነህ ትከሻውን ሰበቀ። ደግ ሰው ነው፤ ግን ሁለት ሌሊት አልተኛም፣ ነገሩ እንዲያልቅለት ይፈልጋል። እሌኒም ትፈልጋለች። ለአፍታ ያህል እርሳሱን በእማሆይ ስም ላይ እንዳሳረፈችው ነግራኛለች። አልሰረዘችውም።

ረቡዕ ማለዳ ወደ ጎጆዋ ተመለሰች። እማሆይ ደክመዋል፤ አእምሯቸው ግን ተመልሷል። ከሞተች እህታቸው ጋር ሲያወሩ እንደ ሰነበቱ ሲሰሙ አፍረው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

"እማሆይ፣ እሑድ ዕለት ምን ቀመሱ?"

"ምን እቀምሳለሁ፣ ልጄ። አንድ ቁራሽ ዳቦ ነው። ክንዱ ሲያልፍ አቀበለኝ፤ ነፍሱን ይማረው፣ ከድግስ ሲመለስ ሳይጠይቀኝ አያልፍም። 'ከናቴ ዳቦ ነው፣ የአዲሱ ስንዴ' አለኝ። አመስግኜ በላሁ።" ትንሽ አሰቡና "መረር ብሎኝ ነበር፤ እርሾው በዝቶበታል ብዬ ጉዳዬም አላልኩት" አሉ።

እሌኒ ደብተሯን ገለጠች። ደብተሯ ላይ ዳቦ የሚል ዐምድ አለ፤ ግን የማን ዳቦ ብላ አልጠየቀችም። ቤት ውስጥ ለተቀመጡት የታፈረ ሚስት የጋገረችው ቀርቧል። ዳስ ውስጥ ለነበሩት ግን የክንዱ እናት ይዘዋቸው የመጡት ሁለት ድፎ ዳቦ ተቆርሷል። ጠላውም በብዛት የተቀዳው ለዳሱ ሰዎች ነው። ጠላና ዳቦ አብረው ሄደዋል፤ እርሷ ያየችው አንዱን ነው።

እየሮጠች እንደገና ዞረች። ጊዜ ስለሌላት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤ "የክንዱን እናት ዳቦ በልተሃል? በልተሻል?" ስምንት ሰዓት ሲሆን ጨረሰች። ከዚያ ዳቦ የበሉት ዐሥራ ዘጠኝ ናቸው፤ ዐሥራ ሰባቱ ታመዋል፣ እማሆይ ጭምር። ያልበሉት ሃያ ሰባት ናቸው፤ አንድም አልታመመም። ጠላ ጠጥተው ደኅና ከሆኑት ዘጠኝ ሰዎች ሰባቱ ያንን ዳቦ አልነኩትም።

በልተው ያልታመሙት ሁለት ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ዘመኑ ነበር።

ከአጥሩ በር ፊት ለፊት ሰው ተሰብስቧል። ሽማግሌዎቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ዘመኑ ግን ተነሥቶ ቆሟል። አንድ ሰው "የቀረው ጠላ ይምጣና ትጠጣ! ከታመመች መርዛለች!" ብሎ ጮኸ። ብዙዎች ተቀበሉት። ፀሐይነሽ ከአጥሩ ውስጥ "አምጡልኝ! አሁኑኑ እጠጣለሁ!" ስትል ተሰማች።

"አይሆንም" አለች እሌኒ።

ሰው ሁሉ ዞረ።

"ጠጥታ ብትታመም መርዛለች ትላላችሁ። ባትታመም ማርከሻ ወስዳለች ትላላችሁ፤ አትሉም? የሆነው ቢሆን የማያድናት ከሆነ ለምን ትጠጣለች? ፈተና ማለት መውደቅም ማለፍም ያለበት ነው።"

ቄስ መንግሥቴ መቋሚያቸውን አንሥተው ሰውን ዝም አሰኙ። "ያገኘሽው ካለ ተናገሪ።"

"አለ። ግን መጀመሪያ ለዘመኑ ነው የምነግረው። ከእናቱና ከእርስዎ ጋር።"

አራቱ ከሰው ራቅ ብለው ግድግዳው ሥር ቆሙ። የዘመኑ እናት ጥቁር ለብሰዋል፤ ከሐዘን የተነሣ ድምፃቸው ጠፍቷል። እሌኒ ደብተሯን ከፍታ ያየችውን ሁሉ በተራ ተናገረች፤ ስለ እማሆይ፣ ስለ ዳሱ፣ ስለ ዳቦው። 

ዘመኑ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ፊቱ ጠቆረ።

"እናቴ ናት የምትዪው? ልጇን?"

"እናትህ መረዙ አላልሁም። ማንም የመረዘ አይመስለኝም። ስንዴው ውስጥ የአስተናግር ፍሬ የገባ ይመስለኛል።"

"ይመስለኛል! ማረጋገጫ አለሽ?"

"የለኝም።"

"እኔም ያንኑ ዳቦ በልቻለሁ! ምነው ታዲያ አልታመምሁ?"

ይህን ጥያቄ ስትፈራው ነበር። "አላውቅም" አለች። "ሳይጠጡ በጠላ መታመም አይቻልም፤ በልቶ አለመታመም ግን ይቻላል። ያንተ ቁራሽ ብዙ ፍሬ አልደረሰው ይሆናል። ይሆናል ነው የምልህ። ያየሁት ይኸው ነው፤ ከዚህ የበለጠ አውቃለሁ ብልህ እዋሽሃለሁ።"

"በይሆናል ወንድሜን ልርሳው?"

"አትርሳው። ግን አንተስ በምን ነው ፀሐይነሽን የያዝሃት? ተጣልተዋል፣ ረግማዋለች፣ ጠላውን ጠምቃለች። ያም ማስረጃ ነው፤ አልንቀውም። የኔን ከዚያ ጋር አስተያየው። ከተሳሳትሁ ደግሞ የምትይዘኝበትን እሰጥሃለሁ። ስንዴው ጎታ ውስጥ አለ አይደል? እንሂድና እንየው። ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ይህን ወረቀት በሰው ሁሉ ፊት እቀደዋለሁ።"

ቄስ መንግሥቴ እሌኒን አዩዋት፤ የምትለውን ታውቂያለሽን እንደማለት። ወረቀቱ ከተቀደደ የፀሐይነሽ ነገር አበቃ። እሌኒም ታውቃለች። ግን ስህተቷ ሊታይ በማይችልበት ነገር ላይ ቆማ ብትናገር ዘመኑ እንደማያምናትም ታውቃለች።

"እንሂድ" አለ ዘመኑ።

ቤቱ ቅርብ ነው። እናቱ ሰፌድ አወረዱ፤ ዘመኑ ከጎታው አፍ በጣሳ ቀድቶ አፈሰሰላቸው። እናቱ ሰፌዱን ነቅነቅ እያደረጉ አበጠሩ። እሌኒ ጎንበስ ብላ በጣቷ በተነችው። እብቅ፣ ጠጠር፣ የተሰበረ ስንዴ። ሌላ ነገር አልነበረም።

ሁለተኛ ሰፌድ። አልታየም።

ዘመኑ በሩ ላይ ቆሞ ብርሃኑን ከልሎታል። "ይበቃሻል?" አለ። ድምፁ ዝግ ያለ ነበር፤ ዝግ ማለቱ የበለጠ አስፈራት።

"ከታች" አለች። "ከላይ ያለው የመጨረሻው ውቂያ ነው። ለዳቦው የተቀዳው ከየት ነው?"

"ከግርጌው ቀዳዳ" አሉ እናቱ፤ ሄደውም መክደኛውን ራሳቸው ነቀሉት። ስንዴው ሰፌዱ ላይ ፈሰሰ። እናቱ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ነቀነቁና ቆሙ። ሰፌዱን ወደ ብርሃኑ አዞሩ። በስንዴው መሐል ጥቁር፣ ሸካራ፣ ከምስር ያነሰ፣ ኩላሊት የመሰለ ፍሬ ነበር። አንድ አይደለም። እሌኒ እስከ ዐሥራ አንድ ድረስ ቆጥራ ተወችው።

"አስተናግር" አሉ እናቱ በተዘጋ ድምፃቸው። "ዐይኔ ደክሟል፤ ጠጠሩን ነው የለቀምሁት… ዐይኔ ደክሟል፣ ልጄ።"

ዘመኑ ከበሩ ገባና ከሰፌዱ አጠገብ ተንበረከከ። አንዷን ፍሬ በጥፍሩ አነሣት። "ዐውድማው ጥግ በቅሎ ነበር" አለ፤ ለማን እንደሚናገር አይታወቅም። "ክንዱ ንቀለው ብሎኛል። ሰማዩ ያጉረመርም ነበር፤ ውቂያው ይቅደም ብዬ ቸኮልሁ። ይደርሳል አልሁት።"

እሌኒ ክላሹን እያየች ነበር። ቄስ መንግሥቴም እንደዚያው። ቄሱ ቀስ ብለው ቀርበው ማንገቻውን ከትከሻው ላይ አወረዱት፤ እሱም አልከለከላቸውም።

"እኔ ነኝ እንግዲህ የገደልሁት?" አላት።

ምን ትበለው? አዎ ብትለው ሰውየው እዚያው ያልቃል፤ አይደለህም ብትለው ትዋሻለች። "ፍሬው እዚህ እንዳለ አይተናል። ዳቦው ውስጥ የገባው ከዚህ ይመስለኛል" አለችው። "ሳያውቁ ማድረግና መግደል ግን አንድ አይደሉም።"

"አሁንም ይመስለኛል ትያለሽ?"

"አሁንም። ነገ ሌላ ነገር ያየ ሰው ቢመጣ እሰማዋለሁ።"

ዘመኑ ፍሬዋን በጣቶቹ መሐል አገላበጣት። ከዚያ በድንገት ብድግ አለ። "ለሰው ሰጥቻለሁ" አለ። "ከዚሁ ስንዴ ለሦስት ቤት ሰጥቻለሁ!" በሩን በርግዶ ወጥቶ በእርሻው መሐል ሮጠ። አንደኛው ቤት ስንዴውን አልነካውም። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው ቤት ስንዴው ተፈጭቶ፣ ተቦክቶ፣ ሴትዮዋ እሳት አንድዳ ምጣዱን ልታሰማ ነበር። ቡሖውን ከነማሰሮው ወስዶ ገደል ጣለው፤ ሴትዮዋ ሌባ መጣ ብላ ጮኸች።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ፀሐይነሽ ከአጥሩ ወጣች። ዘመኑ ድንጋይ ተሸክሞ በሽማግሌዎቹ ፊት ይቅርታ ጠየቃት። ይቅር አለችው፤ ግን ስታለቅስ ነበር፣ ለማን እንደምታለቅስም አልተናገረችም። ከዐሥራ ስድስቱ በሽተኞች የተቀሩት ዐሥራ አምስቱ በሳምንት ውስጥ ወደየቤታቸው ገቡ።

መንገዱ የተከፈተው ከወር በኋላ ነው። እሌኒ ሪፖርቱን ስትጽፍ ሙሉነህ "አስተናግር መሆኑ ተረጋግጧል በዪ፤ እንዲህ ካላልሽ ማን ያነበዋል?" አላት። እሷ "የተሰበሰበው ማስረጃ ወደዚያ ያመለክታል" ብላ ጻፈች፤ በልተው ስላልታመሙት ሁለት ሰዎችም አንድ መስመር ጨመረች። ከባሕር ዳር የመጣው መልስም የበሽተኞቹ ናሙና በመዘግየቱ ለምርመራ እንዳልበቃ፣ ፍሬው ግን አስተናግር እንደሆነ የሚገልጽ ነበር። ዳቦው አልቋል፤ ዳቦውን መመርመር የቻለ የለም።

ለፀሐይነሽ ግን ይህ ሁሉ አልበቃትም። ሰዉ "ነጻ ነሽ" አላት እንጂ ለድግሱ አልጠራትም። በፋሲካ ማንም ጋን አላስጠመቃትም። ግንቦት ላይ ቤቷን ዘግታ ወገዳ ወረደች። እሌኒ ለሥራ በሄደች ቁጥር ትጠይቃታለች። "እዚህ ገበያተኛው ስሜን አያውቅም፣ ይጠጣል" አለቻት አንድ ቀን። "አንቺ አድነሽኛል። ግን አንቺ እንኳ አልመረዘችም ብለሽ አልማልሽልኝም።"

"አልማልሁም፣ እትዬ ፀሐይነሽ።"

"ብትምዪልኝ ኖሮ እቀር ነበር።"



ከዚያ ወዲህ ሁለት መኸር አልፏል። ኅዳር ሲገባ፣ ገበሬው ዐውድማ መለቅለቅ ሳይጀምር፣ ዘመኑ ማጭዱን ይዞ ከመንደር መንደር ይዞራል። የማንም ዐውድማ ይሁን፣ ጠላት ይሁን ዘመድ፣ ጥጉን ይፈትሻል፤ አስተናግር ካገኘ ከነሥሩ ነቅሎ ያቃጥላል። ምግብ ቢያቀርቡለት አመስግኖ ያልፋል። ዘንድሮ እስከ ወንዙ ማዶ ድረስ ሄዷል ይላሉ።